የተመረመረ ሽል ለጎጃም በረት ያዋጣል? የአገልግሎቱ ግምገማ

ለአራሹ ወይፈን ጸጋ ነው፤ ነገ ቀንበር ይሸከማል። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከቡሬ ዳር አምስት ስድስት ዲቃላ ላም አስሮ ወተት ለሚሸጥ ሰው ግን ወንድ ጥጃ ዘጠኝ ወር ተጠብቆ የመጣ ወጪ ነው። «ሴት መሆኑ የተረጋገጠ፣ ዘረመሉ የተመረመረ ሽል በጊደርህ ማሕፀን ይቀመጥልሃል» ሲባል ጆሮውን የሚያቆመው ለዚህ ነው። የምንገመግመው ይህንን አገልግሎት ነው፦ ከሽሉ ላይ ጥቂት ሴሎች ቆርጦ መመርመርና የተመረጠውን ሽል ለተቀባይ ጊደር መስጠት። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ሙያው እውነተኛ ነው፣ ያለውንም ይሠራል፤ ለአብዛኛው የጎጃም በረት ግን ዛሬ ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም። እንቅፋቱ ያለው በቤተ ሙከራው ውስጥ ሳይሆን ከቤተ ሙከራው እስከ በረቱ ባለው መንገድ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሽሉ ከሚወሰድባት ላም፣ ከለጋሿ፣ ነው። ላሟ በአንድ ጊዜ ብዙ እንቁላል እንድታወጣ ኤፍኤስኤች የተባለው ሆርሞን ጠዋትና ማታ ለ4 ቀን፣ በድምሩ 8 ጊዜ ይወጋል፤ መጠኑም ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ድራት (ኮርማ መፈለግን) የሚያመጣው ሌላ ሆርሞን፣ ፕሮስታግላንዲን፣ ይጨመራል። ድራት ካሳየች ከ12 ሰዓት በኋላ አንዴ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ትዳቀላለች። ድራት በታየ በ7ኛው ቀን በማሕፀን በር በኩል ካቴተር ገብቶ፣ ፊኛው ተነፍቶ፣ እያንዳንዱ የማሕፀን ቀንድ በፈሳሽ ይታጠባል፤ ፈሳሹ በማጣሪያ ካለፈ በኋላ የቀረው በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። በአማካይ ከአንድ እጥበት 6 ገደማ ደህና ሽል ይገኛል ይባላል፤ አማካይ ግን ያታልላል። አንዷ 15 ትሰጣለች፣ ሌላዋ ባዶዋን ትወጣለች። የፎገራ ወይም የሌላ ሀገርኛ ዝርያ ደም ያለባት ላም ሆርሞኑ ቶሎ ይነካታል። ለፈረንጅ ላም የተጻፈው መጠን ሲሰጣት የእንቁላል እጢዋ ያብጥና እንቁላሎቹ ሳይለቀቁ ይቀራሉ። «መመሪያው ላይ ያለውን ነው የሰጠነው» የሚል ባለሙያ ለእኛ ዲቃላ አልተዘጋጀም ማለት ነው።

የ7 ቀን ሽል ከነሽፋኑ ከሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ያንሳል፤ የጤፍ ፍሬ ከጎኑ ብታስቀምጡት ጤፏ ግዙፍ ትሆናለች። በዚህ ዕድሜው ወይ የተጠቀጠቀ የሴሎች ክምር ነው፣ ወይ ፈሳሽ የቋጠረ ብላስቶሲስት። ብላስቶሲስት ከሆነ ሁለት ዓይነት ሴሎች ተለይተው ይታያሉ፤ በአንድ በኩል የተሰበሰበው ክምር ጥጃ ይሆናል፣ ዙሪያውን የከበበው ደግሞ የእንግዴ ልጅ። የሚቆረጠው ከዙሪያው ነው። ባለሙያው ሽሉን ፕሮቲን በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ያደርገዋል፤ እንዲህ ሲሆን ከሳህኑ ወለል ጋር ይጣበቅና አይንከባለልም። ከዚያ በማይክሮስኮፑ ላይ በተገጠመ መሣሪያ እጅግ ቀጭን ምላጭ ያወርዳል፣ ክምሩን በተቃራኒው በኩል አድርጎ ከዳሩ ጥቂት ሴሎች ይቆርጣል። ቁራጩ በጥቂት ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ወደ ቁጥር ወዳለው ቱቦ ይገባል፣ ሽሉም ወደ ማቆያው ይመለሳል። ምላጩ ወደ ክምሩ ከቀረበ ወይም ከሽሉ ብዙ ከተወሰደ ጥጃው ይጠፋል። ለምርመራ ተብሎ ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው በዚህች ቅጽበት የሚደርስ ነው። ሽሉ ቀድሞውንም ጥራቱ ደካማ ከነበረ አለመቁረጥ ይሻላል፤ ደረጃ 1 ካልሆነ አይቆረጥም የሚል ቤተ ሙከራ ካገኛችሁ ደህና ቤት ነው።

ጾታን መለየት ከሁሉም ቀላሉ ክፍል ነው፣ ውጤቱም በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ይሁንና መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። አንዳንዱ ምርመራ የሚፈልገው በወንድ ብቻ የሚገኘውን የዋይ ክሮሞዞም ምልክት ብቻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ ወንድ፣ ካልታየ ሴት ይላል። ሴሎቹ ከፒፔቱ ጋር ተጣብቀው ቀርተው ቱቦው ባዶ ከሆነስ? ያኔም ምልክት አይታይም፣ ወረቀቱም «ሴት» ይላል። ደህናው ምርመራ በሁለቱም ጾታ ያለ ሌላ ምልክት አብሮ ያነባል። አሜሎጀኒን በተባለው ጂን ላይ የተመሠረተው ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በከብት ላይ የኤክስ ክሮሞዞሙ ቅጂ 280፣ የዋዩ 217 የዲኤንኤ ፊደል ርዝመት ይሰጣል። ሴት አንድ መስመር ታሳያለች፣ ወንድ ሁለት መስመር ያሳያል፤ ምንም መስመር ካልታየ ቱቦው ባዶ ነበር። አገልግሎቱን የሚያቀርበው ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠየቅ ከተደናገጠ ኪሳችሁን ዝጉ።

ሌላው የታወቀ ስህተት ከሽሉ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ከቀረ የዘር ፍሬ ይመጣል። ላሟ በመደበኛ አባላዘር (ተቀድቶ በተቀመጠ የኮርማ ዘር) ስለተዳቀለች ሽፋኑ ላይ ብዙ ቀሪ ይኖራል፤ አንዱ ከቁራጩ ጋር ወደ ቱቦው ከገባ ሴቷ ሽል ወንድ ተብላ ትጣላለች። ስለዚህ ሽሉ ከመቆረጡ በፊት በተደጋጋሚ መታጠብ አለበት። የተለመደው የንጽሕና ሥርዓት 10 እጥበት ነው፣ በየእጥበቱም ፒፔት ይቀየራል። ይህ እጥበት ለጤናም ነው። ሽፋኑ ሙሉ የሆነ ሽል ብዙ ተሕዋስያን አይደርሱበትም፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ሽፋኑ ቀዳዳ አለው፣ ከዚያ ወዲያ ማጠብ የተቆረጠውን አያጸዳውም። ከውጭ የሚገባ የተቆረጠ ሽል ሲቀርብላችሁ እጥበቱ ከቁረጡ በፊት ስለመደረጉ ሰነዱ ላይ በግልጽ መስፈሩን እዩ።

ወደ ዘረመል ምርመራው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ከጥቂት የግራም ትሪሊዮንኛዎች አይበልጥም፤ ዘረመል የሚያነብበት ቺፕ ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ይፈልጋል። ስለዚህ የሽሉ ዲኤንኤ አስቀድሞ ይባዛል። ማባዛቱ እኩል አይሄድም፤ ከእናትና ከአባት ከተወረሱት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሳይባዛ ሊቀር ይችላል። ያኔ ምርመራው የአንድ ጎጂ ጂን ተሸካሚ የሆነውን ሽል «ነጻ» ብሎ ያልፈዋል። በወላጆቹ ዘረመል እየተመሳከረ ካልታረመ ይህ ስህተት አይያዝም። እንግዲህ የለጋሿም የኮርማውም ምርመራ ከሌለ የሽሉን ብቻ መግዛት ግማሽ ዕቃ መግዛት ነው።

ምርመራው ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር ነው፤ እነሱንም ለያይቶ ማየት ይገባል። የመጀመሪያው የታወቁ የዘር ጉድለቶችን መለየት ነው። በሆልስታይን (ፍሪዥያን) ዘር ውስጥ ብላድ፣ ሲቪኤም፣ ብራኪስፓይና የተባሉ ችግሮች አሉ፤ ተሸካሚ ኮርማና ተሸካሚ ላም ከተገናኙ ከአራት ጥጃ አንዱ ይጎዳል፣ በሲቪኤም አብዛኛው ሳይወለድ ይጨናገፋል። እዚህ ላይ ምርመራው ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ይህንኑ መልስ ሽል ሳትቆርጡ ከኮርማው መግለጫ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ፤ ከስሙ ቀጥሎ ቲኤል፣ ቲቪ፣ ቲዋይ የሚሉ ምልክቶች ካሉ ኮርማው ተመርምሮ ከሦስቱም ነጻ ሆኗል። ኮርማው ነጻ ከሆነ ጥጃው ተሸካሚ ሊሆን ይችላል እንጂ በሽተኛ አይሆንም።

ሁለተኛው የወተት አቅምን መተንበይ ነው። አሻሻጮች አብዝተው የሚናገሩት ስለዚህ ነው፣ ለጎጃም ግን ከሁሉ የሚደክመው ክፍል ይህ ነው። ቺፑ የሚያነበው ምልክቶችን ነው፤ ታዋቂው ቺፕ 50 ሺህ ያህል ምልክት ያነባል። ምልክቶቹ ከወተት ጋር መያያዝ አለመያያዛቸውን የሚነግረው ወተቷ ተመዝግቦ ዘረመሏም የተነበበ የብዙ ሺህ ላም መዝገብ ነው። አሜሪካ ለሆልስታይን ይህን ይፋ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ መዝገቡም የራሷ ላሞች ነው፦ በቆሎ ገፈራ የጠገቡ፣ ደም የሚመጥ መዥገር እምብዛም የማያስቸግራቸው። ያ ቁጥር የጤፍ ጭድ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ለምትበላ፣ አተላ ለምትጠጣ የፎገራና የፍሪዥያን ዲቃላ ሲተረጎም ደረጃው ይዛባል። የእኛን ዲቃላ ለመተንበይ የእኛ ዲቃላ መዝገብ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የሚመራው የአፍሪካ የወተት ላም ዘረመል ማሻሻያ ፕሮግራም በኢትዮጵያና በታንዛንያ የጀመረው ይኼንኑ ነው፤ የገበሬ ላም ወተት ተመዝግቦ ዘረመሏ አብሮ ይነበባል። መዝገቡ እስኪሰፋ ድረስ «ይህ ሽል ይህን ያህል ሊትር ትሰጣለች» የሚል ወረቀት ለእናንተ በረት አልተጻፈም።

አሁን ወደ መንገዱ። የተቆረጠ ሽል በቀስታ ሲቀዘቅዝ ካልተቆረጠው ይበልጥ ይጎዳል፤ በቅጽበት የሚያቀዘቅዘው ዘዴ፣ ቫይትሪፊኬሽን የሚባለው፣ ይሻለዋል። ችግሩ በዚህ ዘዴ የቀዘቀዘው ሽል ሲቀልጥ ደረጃ በደረጃ የሚቀየር ፈሳሽና ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል፤ በበረት ደጃፍ የሚሠራ አይደለም። ኤቲሊን ግላይኮል በተባለ ፈሳሽ ውስጥ በቀስታ የቀዘቀዘው ግን አየር ላይ ጥቂት ሰከንድ፣ ከዚያም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ በቀጥታ ወደ ጊደሯ ይገባል። ሻጩ የትኛውን እንደሚያመጣ ሳታውቁ ውል አትፈርሙ።

ከዚያ የቀዘቀዘው ሽል የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ። 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለው ፈሳሽ በየቀኑ ይተናል፤ ኮንቴነሩ አንገቱ ላይ አመዳይ ከያዘ ወይም ሆዱ ካላበው ክፍተት አለው ማለት ነው። መጠኑ የሚለካው ደረቅ እንጨት ወደ ታች ሰድዶ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ሲወጣ አመዳይ የያዘውን በማየት ነው። ከአራት ጣት በታች ከወረደ ዕቃው አደጋ ላይ ነው። አባላዘር አንድ ስትሮው (የሚቀመጥበት ቀጭን ቱቦ) ቢበላሽ ሌላ አለ፤ ሽል ግን ከአንድ እጥበት የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ አንዱም ስትሮው የብዙ ልፋት ውጤት ነው። ቁጥር ለማንበብ ተብሎ ስትሮውን ከኮንቴነሩ አንገት በላይ ማንሳት በየወረዳው የምናየው ልማድ ነው። ለመደበኛ አባላዘር ጥቂት ይቅር ይባል ይሆናል፤ ለተቆረጠ ሽል ግን ሞት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ ወይም ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸና የሚሄድ ኮንቴነር በመኪናው ላይ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ ይጓዝ፤ ጠጠር መንገድ ላይ የተገለበጠ ኮንቴነር ፈሳሹን ያፈስሳል፣ የውስጥ አንገቱም ይሰነጠቃል።

ተቀባይዋ ጊደር ደግሞ የሥራው ግማሽ ናት። ሽሉ 7 ቀን ከሆነው እሷም ድራት ካሳየች 7ኛ ቀኗ መሆን አለበት፤ ከአንድ ቀን በላይ ልዩነት ካለ አይይዝም። ባለሙያው በፊንጢጣ በኩል በእጁ ዳስሶ እንቁላል በወጣበት ቦታ የሚፈጠረው ቢጫ አካል በየትኛው የእንቁላል እጢ ላይ እንዳለ ይለያል፣ ሽሉንም በዚያው በኩል ባለው የማሕፀን ቀንድ ያስቀምጣል። በሌላኛው ቀንድ ከገባ የመያዝ ዕድሉ ይወድቃል። የሀገርኛ ደም ባለባቸው ጊደሮች ይህ አካል ትንሽና በእጢው ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ እጁ ያልበሰለ ሰው ሳያገኘው ይቀራል፤ አልትራሳውንድ ካለ ይመረጣል። ድራታቸውም አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይጀምራል፤ ጠዋት ብቻ የሚያይ እረኛ ግማሹን ያመልጠዋል።

ስለ ማሕፀኗ ስፋትም ሳንናገር አናልፍም። በአባላዘር ሲዳቀል ጥጃው የእናቱን ግማሽ ይዞ ስለሚመጣ መጠኑ ይመጣጠናል። ሽል ግን ከተቀባይዋ ምንም አይወርስም። ንጹሕ የሆልስታይን ሽል በቀጭን የፎገራ ጊደር ማሕፀን ቢቀመጥ ጥጃው ሆልስታይን ሆኖ ያድጋል፣ መውለጃዋ ግን የፎገራ ነው። ከዚህ የሚመጣው ምጥ ጊደሯንም ጥጃውንም ሊያሳጣ ይችላል። ተቀባይ የሚሆኑት አንዴ የወለዱ ወይም ሰውነታቸው የሞላ ዲቃላዎች ናቸው፣ ክብደታቸው እየወረደ ሳይሆን እየወጣ ያሉ። በነሐሴ ሣር ሞልቶ በመጋቢት ጭድ የሚያልቅበት በረት ወሩን መምረጥ አለበት። ወደ ዓባይ ሸለቆ ዝቅ ባሉት ወረዳዎች ገንዲ የተባለው የከብት በሽታ ያለበት መንጋ ደግሞ አስቀድሞ ይታከም።

ስሌቱን እንሥራው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። ከአንድ እጥበት 6 ሽል፣ ግማሹ ሴት፣ 3። የተቆረጠና የቀዘቀዘ ሽል ከሁለት አንዱ ቢይዝ አንድ ወይም ሁለት ሴት ጥጃ። ለዚህም 8 መርፌ፣ እጥበት፣ ቤተ ሙከራና ቢያንስ 5 የተዘጋጁ ተቀባዮች፤ ከተዘጋጁት ሁልጊዜ የሚቀር ስላለ። በሌላ በኩል በጾታ በተለየ አባላዘር 10 ጊደር ተዳቅሎ 4ቱ ቢይዙ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ሴት ስለሚሆን ሦስት ወይም አራት ሴት ጥጃ። እርግጥ ሁለቱ ጥጃዎች አንድ አይደሉም፤ የሽሉ ጥጃ የተመረጠች እናትም አለችው። ይህ የእናት ብልጫ የሚከፍለው ግን ለጋሿ በእውነት ብልጫ ያላት ከሆነ፣ ብልጫዋም በወተት መዝገብ ከታየ ነው።

ስለዚህ ተወዳዳሪው አገልግሎት፣ በጾታ የተለየው አባላዘር፣ ለአሁኑ በግልጽ ይቀድማል። የሚለየው ሴት የሚያስገኘው የኤክስ ዘር ፍሬ ከዋዩ 3.8 በመቶ ገደማ ብልጫ ያለው ዲኤንኤ ስለሚይዝ በመሣሪያ እየተለካ ነው። ድክመቱ አለው፤ በአንድ ስትሮው ያለው ዘር ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ነው፣ መደበኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ15 ሚሊዮን በላይ። ስለዚህ ስህተት አይሸከምም። በጊደር ላይ፣ ድራቷ በዓይን በታየ ላይ ብቻ ይዋል፤ በወሊድ ጊዜ እንግዴዋ የዘገየባት ላም ላይ ማባከን ነው። ድራት በጀመረ ከ16 እስከ 24 ሰዓት መሀል ቢዳቀል ይሻላል፣ ከመደበኛው ትንሽ ዘግየት ማለት ነው። በ37 ዲግሪ ውሃ ለ45 ሰከንድ ይቅለጥ፣ በቴርሞሜትር እንጂ በክንድ አይለካ። ድራቱን በሆርሞን ለማቀናጀት ፕሮስታግላንዲን ከመወጋቱ በፊት እርግዝና ይታይ፤ ያረገዘች ላም ከተወጋች ታስወርዳለች። ቢጫ አካል የሌላት ላይም መርፌው አይሠራም፣ ገንዘቡ ብቻ ይሄዳል።

ዘረመል ማስመርመር የሚፈልግ አርቢ ደግሞ ከሽል ሳይሆን ከቆመች ላም ይጀምር። ከጆሮ ላይ የሚወሰደው ቁራጭ ሥጋ ወይም ከጅራት ጫፍ ከነሥሩ የተነቀለ ፀጉር ይበቃል። ፀጉሩ 30 ያህል ይሁን፣ ሥሩ ሳይቆረጥ፣ ደርቆ በወረቀት ፖስታ ይታሸግ፤ ላስቲክ ውስጥ ከታሸገ ያልበውና ይሻግታል። ለእኛ ዲቃላዎች የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅም የወተት ትንቢቱ ሳይሆን የፈረንጅ ደሟ ስንት በመቶ እንደሆነ ማወቁ ነው። «75 በመቶ ናት» ተብላ የተሸጠች ጊደር በምርመራ ሌላ ስትሆን ያጋጥማል፤ አባቷ የመንደር ኮርማ ከሆነም ይገለጣል። መኖ ውስን በሆነበት በረት የፈረንጅ ደም ከልክ ሲያልፍ ላሟ ትታመማለች፣ መልሳ ለማርገዝም ትዘገያለች። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ካለች ግን ደሟን አትላኩ፤ በማሕፀን ሳሉ ደማቸው ስለተቀላቀለ ምርመራው ወንድም ሴትም ያነባል። ፀጉር ይሁን። በነገራችን ላይ እንዲህ ያሉት ጊደሮች አብዛኞቹ መሃን ናቸው፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

የተመረመረ ሽል በጎጃም ቦታ የለውም አንልም። ንጹሕ የፎገራ ዝርያን ከመደባለቅ ለማዳን የሚሠራ፣ እንደ አንዳሳ ያለ የምርምር ማዕከል፣ ወይም ለአገልግሎት የሚሆኑ ኮርማዎችን የሚያሳድግ ጣቢያ ከዚህ ቴክኒክ ይጠቀማል፤ እዚያ አንድ የተመረጠ ወንድ ሽል ብዙ ሺህ ስትሮው ሊሰጥ የሚችል ኮርማ ይሆናል። ወጪው የሚካካሰው በዚያ በኩል ነው። ለወተት ሻጩ ግን አገልግሎቱ ከቀረበለት ዋጋውን ለሁለት ከፋፍሎ ይጠይቅ፦ ምን ያህሉ ለሽሉ፣ ምን ያህሉ እርግዝና ሲረጋገጥ። ሁሉን ቀድሞ የሚቀበል ሻጭ ኪሳራውን ለእናንተ ትቷል። የውጤት ወረቀቱ ላይ ለጋሿ፣ ኮርማው፣ የተቆረጠበት ቀን፣ የሽሉ ደረጃ፣ የማቀዝቀዣው ዓይነትና የስትሮው ቁጥር ይኑር። በማስተላለፊያው ዕለት ስትሮው ከመቅለጡ በፊት ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ይነበብ፤ አንድ አሃዝ ከተለያየ አይቀልጥም።